የኮት ቁልፍ የተለጠፈበት ብልቃጥ

አጎቴ ልብስ ሰፊ ነው። ደንበኞቹ እሱ በሌለበት «ላረጋግጥ» ይሉታል፤ ይቺን ቃል በየመሀሉ ሳይወሽቅ አያወራማ። ወገብ ይለካል፣ ይጽፋል፣ «ቆይ ላረጋግጥ» ብሎ እንደገና ይለካል። ሁለተኛው ልክ ከመጀመሪያው ጋር ከገጠመ ደግሞ ይብስበታል፤ ሜትሩ በእርጅና ተስቦ ይሆናል ብሎ ሌላ ሜትር ያመጣል። ጨርቅ ሻጭ «ንጹህ ሱፍ ነው» ካለው ከጫፉ ክር መዞ በክብሪት ያቃጥልና ጭሱን ያሸታል። ሻጩ የገዛ ወንድሙ ቢሆንም ያሸታል። የገዛ ወንድሙ አባቴ ነው፤ ጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ ዕድሜ ልኩን ጨርቁ ሲቃጠልበት ኖረ።

ሚስቱን እትዬ ነው የምላት። እሷ የነገሯትን ሁሉ የምታምን ሴት ናት። የአውቶቡስ ረዳት «ሞልቷል፣ አሁን እንነሳለን» ሲል ባዶ ወንበሮቹን እያየች የምታምን ሰው እሷን ብቻ ነው የማውቀው። አንድ ቀን ጥርሷን ታማ ጉንጯ አብጦ አገኘኋትና የሕመም ማስታገሻ ክኒን መዳፏ ላይ አስቀምጬላት ውሃ ላመጣ ሄድኩ። ስመለስ «እጅሽ ይባረክ፣ ለቀቀኝ» አለችኝ። ክኒኑ አሁንም መዳፏ ላይ ነበር። አልዋጥሽውም እኮ ብዬ ባሳያት ጊዜ ታዲያ ለነገ ይሆነኛል ብላ በመሀረቧ ቋጠረችው።

እነዚህ ሁለት ሰዎች ሠላሳ አራት ዓመት በአንድ ክፍል ውስጥ ሠርተዋል። ክፍሉ ከመንገዱ ሁለት ደረጃ ዝቅ ይላል። በመስኮቱ የሚታየው የአላፊ አግዳሚው እግር ብቻ ስለሆነ አጎቴ የሰፈሩን ሰው የሚለየው በሱሪው ጫፍ ነው። በመስኮቱ በኩል ኮት የሚቆርጥበት ረጅም ጠረጴዛ አለ፤ በግድግዳው በኩል ሁለቱ የስፌት ማሽኖች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እሱ ኮትና ሱሪ፣ እሷ ቀሚስ፣ ዝምዝማትና ቁልፍ ቤት። ከማሽኖቹ በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ የቁልፍ ብልቃጦች ተሰልፈዋል። ብልቃጦቹ ላይ ምንም አልተጻፈም። ውስጣቸው ካለው ቁልፍ አንዱ ክዳናቸው ላይ በሙጫ ይለጠፋል፣ በቃ። አጎቴ ጽሑፍ ሰው ያሳስታል፣ ቁልፍ ግን አይዋሽም ባይ ነው።

እኔ የምሠራው ጤና ጣቢያ ውስጥ፣ መድኃኒት ማደያው መስኮት ላይ ነው። በቀን መቶ ጊዜ «ከምግብ በኋላ» እላለሁ። መቶ አንደኛው ሰው «ከምግብ በፊት ነው ያልሽኝ በኋላ?» ብሎ ሲመለስ ምን እንደምሆን የሥራ ባልደረቦቼ ይንገሯችሁ። ትዕግሥት የለኝም። ይህን የምናገረው ልኩራራበት ብዬ አይደለም፤ ከዚህ በታች ከማወራው ጥፋት ግማሹ የኔ ስለሆነ ነው።

ባለፈው ዓመት አጎቴ ለአንድ ደንበኛ ኮት ሲለካ ድንገት ዓይኑ ጭልም አለበትና የሰውየውን ትከሻ ጨብጦ ቆመ። ደንበኛው የትከሻ ልክ እየተወሰደ መስሎት ቀጥ ብሎ ጠበቀው። እትዬ ይህን ስትነግረኝ እያንጓጠጠኝም ቢሆን ጎትቼ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። የደም ግፊቱ መቶ ሰማንያ በመቶ አሥር ሆነ። መለኪያው ተበላሽቷል አለ። በሌላ መለኪያ ሲለካም ያው ሆነ። አጎቴ ሐኪሙን ቀና ብሎ አየውና ሁለቱም ከአንድ ሱቅ የተገዙ ይሆናሉ አለው።

ሐኪሙ ሳቀ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። የእሱና የአባቴ አባት፣ አያቴ ማለት ነው፣ እሱም ልብስ ሰፊ ነበር። በዚያው ረጅም ጠረጴዛ ላይ ኮት እየቆረጠ በስድሳ አንድ ዓመቱ ወደቀ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ግማሽ አካሉ ሳይንቀሳቀስ አልጋ ላይ ኖሮ ሞተ። አጎቴ ያን ጊዜ ገና ስድሳኛ ዓመቱን መያዙ ነበር። ሐኪሙም መድኃኒቱን በየቀኑ ካልዋጠ በአባቱ የደረሰው ሊደርስበት እንደሚችል ሳይሸሽግ ነገረው። አጎቴ ራሱን ነቀነቀና ኮፍያውን አደረገ።

መድኃኒቱን የሰጠሁት እኔ ነኝ። የሁለት ወር ቆጥሬ በትንሽ ላስቲክ አድርጌ በመስኮቱ ሳቀብለው ወረቀቱስ አለኝ። የቱ ወረቀት ስለው ከዕቃው ጋር የሚመጣው ወረቀት፣ ሸሚዝ እንኳ በምን ውሃ እንደሚታጠብ ተጽፎበት ነው የሚሸጠው አለ። ከኋላው አሥራ ሁለት ሰው ተሰልፏል። ለመገላገል ብዬ ከካርቶኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት አወጣሁና ሰጠሁት። በሕይወቴ ብዙ የሞኝ ሥራ ሠርቻለሁ፤ ይህን የሚያህል ግን የለም።

ወረቀቱ ሲዘረጋ የጠረጴዛ ልብስ ያክላል፤ ፊደሉ ደግሞ ጉንዳን ነው። አጎቴ መርፌ ውስጥ ክር የሚያስገባበትን አጉሊ መነጽር አድርጎ፣ ምሳውን ትቶ አነበበው። የጎንዮሽ ጉዳት በሚለው ሥር ሠላሳ አንድ ነገር ተዘርዝሯል። ከየአንዳንዱ ጎን «ከመቶ ሰው አንዱ ላይ»፣ «ከሺህ ሰው አንዱ ላይ» ይላል። አጎቴ ያ አንዱ እኔ ነኝ ብሎ ደመደመ። ከሺህ ሰው ለአንዱ የሚደርሰው ነገር ሎተሪ ሲሆን ለሱ አይደርስም፤ ማሳከክ ሲሆን ግን የሱ ነው።

በዚያው ሰሞን እትዬም ጉልበቴ ይዝላል ስላለች ሐኪሙ ቫይታሚን አዞላት ነበር። እውነቱን ለመናገር ምንም አልጎደላትም፣ ደስ ይበላት ብሎ ነው። ቫይታሚኑም እንደ ግፊቱ መድኃኒት ነጭ፣ ትንሽ፣ ክብ ነው። ልዩነታቸው የግፊቱ ክኒን መሀሉ ላይ ለመግመስ የምትረዳ ቀጭን መስመር አለችው፤ ቫይታሚኑ ልሙጥ ነው። መድኃኒት ማደያ መስኮት ላይ ዓመታት ያልቆመ ሰው ይህን ልብ አይለውም። ቫይታሚኑን ስሰጣት «ይሄ ፍቱን ነው እትዬ፣ በሳምንት ውስጥ ደረጃውን እየሮጥሽ ነው የምትወጪው» አልኳት። ለሷ እንዲህ ማለት ደስ ይላል፤ ፊቷ ወዲያው ይበራል። ለሱ ደግሞ ጣቴን ቀስሬ «ዋ፣ አንድ ቀን ታቋርጥና» ነው ያልኩት።

ሁለቱም ክኒናቸውን የሚውጡት ሱቅ ውስጥ ነው፣ ጠዋት ከሻይ ጋር። ስለዚህ እትዬ ሁለት ባዶ የቁልፍ ብልቃጥ አነሳች። ክዳኑ ላይ ባለ አራት ቀዳዳ የኮት ቁልፍ የተለጠፈበት ውስጥ የሱን ጨመረች፤ ክዳኑ ላይ የሸሚዝ ቁልፍ የተለጠፈበት ውስጥ የራሷን። እንዲህ ከሆነ ማንም አይሳሳትም ብላ መደርደሪያው ላይ ከሌሎቹ ጋር አሰለፈቻቸው።

በሁለተኛው ቀን እትዬ ታደሰች። አንድ ጥቅል ጨርቅ ብቻዋን ከወለል አንስታ ጠረጴዛው ላይ አወጣች። በርጩማ ላይ ቆማ የመደርደሪያውን አቧራ ጠረገች። ማሽኗን እየዘወረች ማንጎራጎር ጀመረች፤ ደንበኛ ሁሉ ምን ብትቀቢ ነው ፊትሽ እንዲህ የጠራው ይላት ጀመር። አጎቴ ግን ታመመ። የልኬት ደብተሩን ገልብጦ ከመጨረሻው ገጽ ጀምሮ መመዝገብ ያዘ። «ሰኞ፦ ደረቅ ሳል፣ ሦስት ጊዜ። ማክሰኞ፦ የቁርጭምጭሚት እብጠት። ግራ ሃያ ስድስት ተኩል፣ ቀኝ ሃያ ስድስት።» እግሩን በሜትር ለክቶ ነው እንግዲህ። ደብተሩን ከወረቀቱ ጋር ሳስተያየው ደግሞ ሰውየው የሚታመመው በወረቀቱ ተራ ቁጥር መሠረት ነበር። ተራ ቁጥር አሥራ አራት ላይ የወር አበባ መዛባት የሚለው ጋ ሲደርስ ሁለት ቀን ቆመ። ከዚያ ቅር እያለው አልፎት ወደ አሥራ አምስት ገባ።

በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ከጎኑ ያለው ሱቅ ውስጥ አንድ ጫማ ሰፊ አለ፤ ያንኑ የግፊት ክኒን አራት ዓመት ያለ ምንም ችግር የዋጠ ሰው ነው። አጎቴ ለጎረቤት ማሰብ ደግ ነው ብሎ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበለት። በማግሥቱ ጫማ ሰፊው ክንዱን እያከከ እኔ መስኮት ላይ ተደቀነና መድኃኒቱ ይቀየርልኝ አለኝ። እንዴት አድርጌ እንደመለስኩት ልንገራችሁ ብል አፍራለሁ።

አጎቴ ያስመስላል እንዳትሉብኝ። ሳሉ ሳል ነው፤ ጉሮሮው ቀልቶ በዓይኔ አይቻለሁ። ተማሪ ሳለን አንድ መምህራችን ይህንኑ ሲያስተምረን ለግማሹ ክፍል «ያነቃል»፣ ለግማሹ ክፍል «ያስተኛል» እያለ ክኒን አደለ። ሁላችንም የያዝነው አንድ ዓይነት፣ መድኃኒት የሚባል ነገር ያልነካው ዱቄት ነበር። ያነቃል የተባሉት ወሬ በወሬ ሆኑ፣ ያስተኛል የተባልነው ማዛጋት ጀመርን። ሁሉም ሰው እኩል አልነበረም ታዲያ። ነገር ሁሉ የሚያጠራጥራት አንዲት ጓደኛችን የነገሯት መንቃትም መተኛትም ቀርቶ ራሷን አመማት። ሁልጊዜ የሚስቀው ልጅ ደግሞ ዓይኔ ሳይቀር ጠርቶ ማየት ጀመረ አለ። መምህሩም ሰው ክኒን ሲውጥ የጠበቀውንም ነገር አብሮ ነው የሚውጠው፣ የሚጠብቀው ደግሞ እንደ ጠባዩ ነው አለ። ይህን የነገሩኝ ጓደኞቼ ናቸው። እኔ ዴስኩ ላይ ተኝቼ ነበር።

ይህን ሁሉ እያወቅኩ አጎቴን ከመቆጣት በቀር ምንም አላደረግኩም። በየሳምንቱ እሄዳለሁ፣ ደብተሩን ያሳየኛል፣ እጮኻለሁ፣ ይስላል። መድኃኒቱ እየገደለኝ ነው ይላል፤ ብታቆመው ነው የሚገድልህ እለዋለሁ። በአምስተኛው ሳምንት ጤና ጣቢያ ወስጄ አስለካሁት። መቶ ሰባ ስምንት በመቶ አሥር። አምስት ሳምንት ሙሉ ሠላሳ ዓይነት በሽታ ታምሞ ግፊቱ ሁለት ቁጥር ነው የቀነሰው። ሐኪሙ ግራ ገባውና ሁለት ሳምንት እንይና ካልወረደ ከዚህ የሚጠነክር እሰጠዋለሁ አለ። እኔ የጠንካራውን መድኃኒት ወረቀት አውቀዋለሁ፤ ሲዘረጋ አንሶላ ነው። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ ከአያቴ አልጋ ሌላ የታየኝ ነገር አልነበረም።

መቼም ይህ ሰው ክኒኑን አይውጥም አልኩ። በማግሥቱ ጠዋት የግፊት መለኪያዬን በቦርሳዬ ይዤ፣ ሥራ ከመግባቴ በፊት ሱቁ ሄድኩ። እትዬ በርጩማ ላይ ቆማ ጨርቅ ትሰቅላለች። አጎቴ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሶ በጠመኔ እጅጌ ያሰምራል። ሰላምታም አልሰጠሁት።

«ጋሼ፣ ክኒኑን የት ነው የምትጥለው?»

አጎቴ ጠመኔውን አስቀመጠ። አንዲት ቀን እንዳላሳለፈ በአባቱ ነፍስ ማለልኝ፤ በአባቱ ነፍስ ሲምል ሰምቼው አላውቅም። ደብተሩን ከፍቶ በየቀኑ የዋጠበትን ሰዓት አሳየኝ፣ እትዬም ከበርጩማው ላይ ሆና እኔ ራሴ ሻዩን እያቀረብኩለት በዓይኔ አይቻለሁ ብላ መሰከረች። እትዬ ደግሞ ሰው ሲዋሽ አታውቅ ይሆናል እንጂ ራሷ ዋሽታ አታውቅም። ግራ ገባኝ። ስንት እንደቀረው ልቁጠር ብዬ የኮት ቁልፍ የተለጠፈበትን ብልቃጥ አወረድኩና መዳፌ ላይ ገለበጥኩት።

ክኒኖቹ ልሙጥ ነበሩ። አንዱን አገላብጬ አየሁት፣ ሌላውን አየሁ፣ ሁሉንም አየሁ። መስመር የሚባል ነገር የለም። የሸሚዝ ቁልፍ የተለጠፈበትን አወረድኩ። ባለ መስመሮቹ የግፊት ክኒኖች ቁጭ ብለዋል፣ በአምስት ሳምንት መጉደል ያለባቸውን ያህል ጎድለው። እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። እትዬ ምን ሆንሽ ስትለኝ አጎቴ ምንም አልጠየቀም። ጠመኔውን አንስቶ ተሰምሮ ባለቀው እጅጌ ላይ እንደገና ማስመር ጀመረ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

«አንተ ነህ የቀየርከው» አልኩት።

«በሦስተኛው ቀን» አለ ቀና ሳይል። «አስቢው እስቲ። እሷ ቫይታሚን ዋጠች፣ በሁለት ቀን ጥቅል ጨርቅ አነሳች። እኔ መድኃኒት ዋጥኩ፣ ሳል ጀመረኝ። ቫይታሚን በሁለት ቀን ይሄን አይሠራም። ብልቃጦቹንም ስትሞላ እያንጎራጎረች ነበር፣ አይቻታለሁ። ስለዚህ አሳስታው የኔን መድኃኒት ለራሷ፣ የራሷን ለኔ አድርጋዋለች አልኩና ሻይ ልታመጣ ስትወጣ አገለባብጬ አስተካከልኩት።»

ለምን እንዳልጠየቃት ስለው ላሳፍራት አልፈለግኩም አለኝ። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የሰፋችውን ቁልፍ ሁሉ እየጎተተ ሲፈትን ያላፈረ ሰው፣ ያን ቀን ለሚስቱ አዘነላት። ደግነቱ የመጣችው በዚያች ቀን ነው እንግዲህ።

ደሜ ፈላ። ብልቃጡን ፊቱ ላይ ይዤ «ጋሼ፣ ይሄ ቫይታሚን ነው» አልኩት። ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት በቀር ሳሉንም፣ እብጠቱንም፣ እስከ ተራ ቁጥሩ መጨረሻ ያለውን ሁሉ የታመመው በቫይታሚን እንደሆነ፣ መድኃኒቱ የሚባለውን ደግሞ ሦስት ቀን እንኳ በቅጡ እንዳልዋጠ ነገርኩት። አጎቴ ደብተሩን ቀስ ብሎ ዘጋ። የሚያፍር መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን ያስብ ነበር። ዓይኑ ባለ መስመሮቹ ላይ አረፈ።

«ባዶው እንዲህ ካደረገኝ» አለ፣ «ሙሉው ምን ሊያደርገኝ ነው?»

ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። በዚህ መሀል እትዬ ነገሩ እየገባት መጣ። ከበርጩማው ላይ ወረደችና ታዲያ እኔ ይሄን ሁሉ ጊዜ የሱን ነበር የምውጠው አለችኝ። አዎ አልኳት። የሰው መድኃኒት፣ አለች። አዎ። የግፊት። አዎ አልኩ፣ አፌን የሚዘጋልኝ ሰው ጠፋ። ከአምስት ደቂቃ በፊት ጨርቅ ስትሰቅል የነበረችው ሴት ግድግዳውን ተደግፋ ወረደች። ላብ ላብ አላት፣ ከንፈሯ ነጣ፣ «ዞረብኝ» አለች።

አጎቴ ጠረጴዛውን እንዴት እንደዞረው አላየሁም። ብቻ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ እጇን ይዟል፣ ስሟን ይጠራል። እሱ ስሟን ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ሁልጊዜ «አንቺ» ነው የሚላት። እኔም ደነገጥኩ፣ ክኒኑ የግፊት ነውና በእርግጥም ግፊቷን አውርዶት ይሆናል። መለኪያውን ከቦርሳዬ አወጣሁና ክንዷ ላይ አሰርኩ። መቶ አሥራ አምስት በሰባ አምስት። ላረጋግጥ ብዬ ደግሜ ለካሁት፤ ያው ነው። ዘር ነው እንግዲህ።

ፊቷን በሁለት እጄ ይዤ «እትዬ፣ እዪኝ» አልኳት። «ግፊትሽ የኮረዳ ነው። ምንም አልነካሽም። አሁን አንዴ በረጅሙ ተንፍሺ፣ ይለቅሻል።»

ተነፈሰች። ከንፈሯ ቀላ፣ ላቡ ደረቀ፣ ቀና ብላ ተቀመጠች። እውነትሽን ነው ለቀቀኝ አለችና ሻይ እንዳለ ጠየቀች። ለማንኛውም ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ እንዲያይሽ ትመጫለሽ ስላት እሺ አለች። አጎቴ እጇን አልለቀቀም። ወለሉ ላይ እንደተንበረከከ አንዴ እሷን አንዴ እኔን ያያል።

«አምስት ሳምንት የኔን ስትውጪ ምንም አልሆንሽም?» አላት።

እትዬ እንደዚህ ዘመን ተመችቶኝ አያውቅም አለችው። አጎቴ ተነሳና የሱሪውን ጉልበት አራገፈ። ጠረጴዛው ጋ ሄዶ፣ ጀርባውን ሰጥቶን በመስኮቱ የሚያልፈውን እግር ያይ ጀመር። ሲናገር ድምፁ ዝግ ያለ ነበር።

«ለሷ እንደዚህ ነው የምትያት?»

«እንዴት?»

«ይለቅሻል፣ እያልሽ። እኔን ዋ ነው የምትይኝ።»

«አንተ አታምንማ ጋሼ። እንዲያ ብልህ ትስቅብኛለህ።»

«እስቃለሁ» አለ። «ግን ብለሽኝ ታውቂያለሽ?»

ወደ ኋላ አሰብኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ አሰብኩ። አንድ ቀን እንኳ ብዬው አላውቅም። እኔ ብቻ አይደለሁም፣ ማንም ብሎት አያውቅም። እሱ ጋ ሲደርስ ሁላችንም ክርክር ነው የምናወጣው፤ ማስረጃ፣ ቁጥር፣ ወረቀት። አፈርኩ። አፈርኩ ስል ለወጉ አይደለም፣ ጆሮዬ ድረስ ነው የጋለው።

«አባቴ የወደቀ ቀን ከጎኑ የነበርኩት እኔ ነኝ» አለ አሁንም ሳይዞር። «እጅጌ ያዝልኝ ብሎኝ ይዤለት ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተራዬን ነው የምጠብቀው። ሠላሳ ስምንት ዓመት። አንድ ሰው አንተ ላይ አይደርስም ያለኝ የለም።»

እትዬ የቀዳችውን ሻይ እንደያዘች ቆመች። እኔ ሰው ሲያለቅስ የማልወድ ሴት ነኝ፤ ራሴንም ጨምሮ። ባለ መስመሮቹን ብልቃጥ ከፈትኩና አንድ ክኒን መዳፌ ላይ አወጣሁ። ከእትዬ እጅ ሻዩን ተቀበልኩ። አጎቴ ዞሮ መዳፌን አየው፤ ዓይኑ ላይ ያለው ፍርሃት የሕፃን ልጅ ፍርሃት ነው፣ እንዴት ሳላየው እንደኖርኩ አላውቅም።

«ጋሼ» አልኩት። «ይሄ ይስማማሃል። ግፊትህን ያወርደዋል። አንተ አትወድቅም።»

አጎቴ እንዳለው ሳቀ፤ አጭር፣ የማያምን ሳቅ። ክኒኑን ወስዶ ግን ምላሱ ላይ አደረገና በሻዩ አወረደው። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ዓይኑን ጨፍኖ ጠበቀ። ደብተሩን ሊያነሳ ነው ብዬ በጭንቀት አየሁት፤ አላነሳም። ብዙ ቆይቶ አንድ ዓይኑን ገለጠ።

«ነገም መጥተሽ ትይኛለሽ?»

እመጣለሁ አልኩት። ይኸው ሰባት ወር ሆነኝ፣ በየጠዋቱ ወደ ሥራ ስሄድ በሱ በኩል ነው የማልፈው። ስድሳ አንድ ዓመት የሞላውም በዚሁ መሀል ነው። ግፊቱ ከወረደ ሰነበተ፤ እሱም አሁን ይበቃል አላለኝም፣ እኔም መምጣቴን አልተውኩም።